የሁለቱ አዳሙ ልቅሶ

በዕድሜዬ የገደልኩት ሰው አንድ ብቻ ነው፤ እሳቸውም፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ እስካሁን በሕይወት አሉ። እኔና እሳቸው ታርቀናል። ያልታረቅሁት ከራሴ ጋር ነው። ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱኝ። መሳቅ ካማራችሁ ሳቁ፤ እኔም መጀመሪያ ላይ ስቄአለሁ።

እንጅባራ ከተማ፣ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ የምሠራ ሰው ነኝ። ሥራዬ የሰው ፋይል መፈለግ ነው። ሲገኝ እሰጣለሁ፤ ሳይገኝ ሲቀር ደግሞ ባለጉዳዩን በትሕትና "ነገ ይመለሱ" እላለሁ። እንዲህ ስል ሃያ ምናምን ዓመት ስኖር ሹመት የሚባል ነገር በደጄ አልፎ አያውቅም። በተማሪነቴ የክፍል አለቃ ሆኜ አላውቅም። በእድራችን እንኳ ያለኝ ኃላፊነት የድንኳን ካስማ መቁጠር ነው፤ እሱንም አንዴ ሁለት ካስማ ጎድሎብኝ በጠቅላላ ጉባኤ ተወቅሻለሁ። በቤቴ ውስጥ አለቃው ማን እንደሆነ፣ ባለቤቴ ይህን ስለምታነብ፣ አልናገርም።

ተወልጄ ያደግሁት ግን ዳንግላ ነው፤ ጋሪ ተራ። ስሙ እንደሚነግራችሁ የፈረስ ጋሪዎች ተሰልፈው ተሳፋሪ የሚጠብቁበት ሰፈር ነበር። አሁን ቦታውን ባጃጅ እየወሰደው ነው፤ ስሙን ግን አልወሰደውም። የሰፈሩ ልጆች ተበትነናል፤ እኔ እንጅባራ፣ አንዱ ባሕር ዳር፣ አንዱ አዲስ አበባ፣ አንዱ ስሟን መጥራት የሚከብደኝ አገር።

እና ኢንተርኔት ከእኛ አካባቢ ጠፍቶ ከርሞ የተመለሰ ሰሞን ነበር። ሰው ሁሉ ሁዳዴን ጾሞ እንደፈሰከ ሰው ነበር፤ ያገኘውን ሁሉ ይጎርሳል። እኔም በዚያ ሆይ ሆይታ መካከል ቴሌግራም ላይ አንድ ግሩፕ ከፈትኩ፤ "የጋሪ ተራ ልጆች መድረክ" አልኩት። በመጀመሪያው ቀን ዘጠኝ አባላት ነበሩን። ከዘጠኙ ሁለቱ እኔ ነኝ፤ በአዲሱ ስልኬና በአሮጌው ስልኬ። ሦስተኛዋ ባለቤቴ ነበረች፤ ሳላስፈቅዳት ነው ያስገባኋት።

"ከአንተ ጋር አንድ ቤት መኖሬ አልበቃ ብሎ ነው?" አለችና ወጣች። መድረካችን የመጀመሪያውን አባል ያጣው ከተከፈተ በሩብ ሰዓት ውስጥ ነው።

ግን ሰው እየሰማ እየመጣ መሙላት ጀመረ። ሲመጣም እኔን "አድሚን" እያለ መጥራት ጀመረ። "አድሚንዬ እንዴት ዋልክ?" "አድሚን ይህን ሰውዬ አስወጣልን!" ይህችን ቃል የሰማሁ ዕለት አንገቴ በሦስት ጣት ረዘመ። ወዲያው አሥራ አራት አንቀጽ ያለው ደንብ አወጣሁ። ፖለቲካ ክልክል ነው። ንግድ ክልክል ነው። "ይህን መልእክት ለዐሥር ሰው ካልላክህ" የሚል ነገር በጥብቅ ክልክል ነው። የ"እንደምን አደራችሁ" አበባ ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ ክልክል ነው። ከአሥራ አራቱ አንዱንም ያከበረ አልነበረም። አንዱ በየማለዳው ዐሥራ ሁለት ጽጌረዳ ይልክልናል። ሌላው የጥሊሊ ድንች አለኝ እያለ ይለጥፋል። የቀበሌው ቧንቧ የነበረው ከወፍጮ ቤቱ ወዲህ ነው ወዲያ በሚል ሦስት ቀን ሙሉ ተከራክረን፣ በዚሁ ሰበብ ሁለት አማቾች እስከዛሬ አይነጋገሩም። ባለ ድንቹን በአንቀጽ ሁለት መሠረት አስወጣሁት። ለካ የባለቤቴ አጎት ኖሯል። ያን ሳምንት ድንች በቤታችን አልተሠራም፤ ሌላውም ነገር ቢሆን የተሠራው ለእኔ ተብሎ አልነበረም።

መድረኩ በዚሁ ሊሞት ሲል ያዳነው ሞት ነው።

አንዲት የሰፈራችን እናት አረፉና መርዶውን ለጠፍኩት። ከሥሩም የሚበራ ሻማ ሥዕል አደረግሁ። በዚያ ቀን ብቻ የገባውን ሰው ቆጥሬ አልጨርሰውም። ሰው ለደስታ ሲጠሩት "እስቲ አያለሁ" ይላል፤ ለልቅሶ ግን ሳይጠሩት ይመጣል። ከዚያ ወዲህ ጋሪ ተራ ውስጥ ነፍስ ስትወጣ መጀመሪያ የሚነገረው ለቄስ፣ ቀጥሎ ለእኔ ሆነ። እኔም፣ ምን እደብቃችኋለሁ፣ ለመድኩት። መርዶ ቀድሜ የለጠፍኩ ቀን ደረቴ ይነፋል። ሌላ ሰው ከቀደመኝ ቀኑን ሙሉ እህል አይወርድልኝም። ሰው ሞቶ እኔን የሚቆጨኝ ሁለተኛ መውጣቴ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ምን ይባላል? ቃሉን እናንተው ታውቁታላችሁ።

አንድ ዓርብ ጠዋት ገና ቢሮ ሳልገባ ባይህ ደወለ። ባይህ አብሮ አደጌ ነው፤ ዛሬም እዚያው ጋሪ ተራ ይኖራል፤ ባጃጅ ይነዳል።

"ሰማህ? አዳሙ አረፈ እኮ!"

"ማን አልክ?"

"የጋ…" ኔትወርኩ ተንጣጣ። "ጋ… አዳሙ ነዋ! ቀብሩ ዛሬ…" ተቋረጠ። መልሼ ብደውል አይነሳም።

ለእኔ ደግሞ በዓለም ላይ ያለው አዳሙ አንድ ነው፤ ጋሽ አዳሙ ድሬሰሩ። በጋሪ ተራ ክሊኒክ መርፌ ሲወጉ የኖሩ ሰው ናቸው። ሱሪውን ዝቅ አድርጎ እፊታቸው ያልቆመ የሰፈር ልጅ የለም። "አይዞህ፣ ትንኝ ናት" ይሉና ትንኟ ዝሆን ትሆናለች። ጡረታ ወጥተው ወደ እንጅባራ መጥተዋል፤ ቤታቸውም ከቤቴ የሩብ ሰዓት መንገድ ቢሆን ነው። አስተዋይ ሰው ቢሆን ሄዶ ያይ ነበር። እኔ ግን እግሬን ከማንሳት ጣቴን ማንሳት ቀለለኝ። ባይህም "አረፉ" ሳይሆን "አረፈ" ማለቱን ጆሮዬ ሰምቶት ነበር፤ ምን ዓይነት ባለጌ ነው ብዬ አለፍኩት።

እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ "የሁላችን አባት፣ የሰፈራችን ባለውለታ አቶ አዳሙ ዛሬ ከዚህ ዓለም ድካም አርፈዋል። ቀብራቸው ዛሬ ዳንግላ ይፈጸማል። ነፍሳቸውን ይማር።" ለመርዶ "ጋሽ" ማለት ቀለለብኝና "አቶ" አልኩ። የአባታቸውን ስም አላውቀውም፤ ስለዚህ ዘለልኩት። ሻማውን አስከተልኩ። አንደኛ ወጣሁ።

ልቅሶው ጎረፈ። "ወይኔ አባታችን!" "ሲያመን መጀመሪያ የምንጠራው እሳቸውን ነበር።" "እናቴ ምጥ የያዛት ቀን ከማዕድ ላይ ተነስተው የደረሱልን ሰው!" "በእጃቸው ያላለፈ የጋሪ ተራ ልጅ ማን አለ?" "ቁጡ ይመስላሉ እንጂ ልባቸው ቅቤ ነበር።" አንዱ ከአረብ አገር ድምፅ ቀርጾ ላከ፤ ሙሉውን ማልቀስ ነው። እኔም ፋይል እየፈለግሁ ዓይኔን እጠርጋለሁ፤ እየጠረግሁም ስንት ሰው እንዳነበበው አያለሁ።

ከምሳ በፊት፣ አብራኝ የምትሠራው ልጅ "በስመ አብ!" ብላ ጮኸች። ቀና ስል በሩ ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ከዘራቸውን ይዘው የቆሙት ጋሽ አዳሙ ናቸው።

"እንደምን አረፈድክ ልጄ?" አሉኝ።

"ጋሽ አዳሙ… እርስዎ እኮ…"

"እኔማ ከቤት ስወጣ ደህና ነበርኩ። ገበያ ላይ አንዷ አየችኝና አማተበች። ሁለተኛዋ ዘንቢሏን ጥላ ሮጠች። ሦስተኛው ነው 'መድረክ ላይ ሞተዋል' ብሎ የነገረኝ። መድረኩ ያንተ ነው ቢሉኝ፣ መርዶዬን ከባለቤቱ አፍ ልስማ ብዬ መጣሁ።"

እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል በከዘራው ከለከሉኝና፣ ወንበር ስበው ተቀመጡ። መነጽራቸውን አደረጉ። "በል አምጣው፣ ልየው" አሉ። ስልኩን ሰጠኋቸው። አንድ በአንድ አነበቡ። መጀመሪያ ፈገግ አሉ። ቀጥሎ ተቆጡ።

"ይሄ ልጅ 'ነፍስ ይማር' ብቻ ብሎ ነው ያለፈው? ወባ ይዞት ሰባት ቀን የወጋሁት ልጅ?"

"ሥራ በዝቶበት ይሆናል ጋሽ አዳሙ።"

"እኔ ስወጋው ሥራ አልበዛብኝም ነበር?" አሉ። ማንበባቸውን ቀጠሉ። ቆይተው ስልኩን ጭናቸው ላይ አስቀመጡትና ድምፃቸው ዝቅ አለ። "ልጄ፣ ሰው ስለ እኔ ይህን ሁሉ ካሰበ፣ ቤቴ ለምን አይመጣም? ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ በሬን የሚያንኳኳው ቆጣሪ አንባቢው ብቻ ነው።"

ጥያቄ ሲከብደኝ ልማዴ ስልኬን መነካካት ነው። ፈጥኜ ፎቶ አነሳኋቸውና ለጠፍኩ፦ "ታላቅ የምሥራች! የምንወዳቸው ድሬሰራችን ጋሽ አዳሙ በሕይወት አሉ! የሞቱት ሌላ ሰውዬ ናቸው። እንኳን ደስ አለን!"

እልልታ ሆነ። እውነቴን ነው፤ መድረካችን በሠርግም እንዲህ ደምቆ አያውቅም። "እልልልል!" "ተመስገን!" የሚጨፍር ስቲከር፣ ትከሻውን የሚሰብቅ ስቲከር፣ ርችት። አንዱ እንዲያውም "እንኳንም ሌላ ሰው ሆነ!" ብሎ ጻፈ፤ ከሥሩ አርባ ሰው ልብ አደረገለት። አንዷ ልብ የእኔ ናት።

በዚያ ጭፈራ መካከል፣ መድረኩ ውስጥ አንድም ቀን ጽፋ የማታውቅ አባል ጻፈች። ስሟን "ስ" ብላ ብቻ ያስገባች ናት።

"ሌላው ሰውዬ አባቴ ነው።"

ጥቂት ቆይታ ደግሞ፦ "አባ ዳማ የምትሉት። ስሙ አዳሙ ነበር።"

አባ ዳማ! የጋሪ ተራ ልጅ ሆኖ አባ ዳማን የማያውቅ የለም። ባለ ጋሪ ናቸው፤ ፈረሳቸው ዳማ ነው፤ መልኩ ቡናማ። ድሮ መኳንንቱ በፈረሳቸው ስም "አባ እንትና" እየተባሉ ለክብር ይጠሩ ነበር አይደል? እኛ ያንኑ ለቀልድ አደረግነው፤ ስሙም በዚያው ጸና። ፈረሱ ሲሞት ሌላ ዳማ ይገዛሉ፤ እኛም የአዲሱን ፈረስ ጠባይ በሳምንት ውስጥ እንለምዳለን። እህል ወደ ወፍጮ፣ ሙሽራ ወደ ቤቷ፣ በሽተኛ ወደ ክሊኒክ የሚሄደው በእሳቸው ጋሪ ነበር። ድሬሰሩን "እርስዎ" እንላለን፤ ባለ ጋሪውን ግን ልጅ አዋቂው "አንተ" ነበር የሚላቸው። ስማቸውን የጠየቀ አልነበረም። የፈረሱን ስም ስለምናውቅ የሰውየውን ያወቅን መስሎን ይሆናል።

ቀጥሎ ያየሁትን አልረሳውም። እልልታው አንድ በአንድ ከስልኬ ላይ መጥፋት ጀመረ። ሰው የጻፈውን እየሰረዘ ነው። ርችቱ ጠፋ። ጨፋሪው ጠፋ። "እንኳንም ሌላ ሰው ሆነ" ጠፋ፤ የእኔም ልብ አብራ ጠፋች። ጠዋት የተለቀሰውም ልቅሶ፣ ሰውየው አልሞቱምና፣ አብሮ እየተሰረዘ ነበር።

"ምን ሆነህ ነው ፊትህ የጠቆረው?" አሉ ጋሽ አዳሙ።

አነበብኩላቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ለረዥም ጊዜ በጋቢያቸው ጠረጉት።

"ያ ባለ ጋሪ? በሽተኛ ሁሉ የሚያመጣልኝ እሱ አልነበረ እንዴ? ሠላሳ ዓመት በሬ ላይ እያወረደልኝ ሄዷል። ካርድ ላይ የስንቱን ስም ስጽፍ ኖሬ የሱን አልጻፍኩም። እሱ ታሞ አያውቅማ።" ተነሱ። "ነገ ዳንግላ እንሄዳለን።"

"እርስዎም?"

"የተለቀሰልኝ ልቅሶ የሱ ነው። የሰው ነገር ይዤ ቤቴ አልቀመጥም።"

ከሰዓት በኋላ ባይህ ከቀብር መልስ ደወለ። "እኔ የጋሪው አዳሙ ነው ያልኩህ! ስሙን እኔም ጠዋት ከጋሪ ነጂዎቹ ነው የሰማሁት!" ብሎ ጮኸብኝ። ስንት ሰው ነበር ብዬ ጠየቅሁት። "የእድሩ ሰዎች፣ ከጋሪ ነጂዎች የቀሩት። ከመድረክህ ያየሁት ሰው የለም" አለኝ።

በማግስቱ ሚኒባስ ተሳፈርን። ዳንግላ እስክንደርስ ጋሽ አዳሙን የሚያውቅ ሰው ሁለት ጊዜ አጋጠመን። አንደኛው "እንኳን ከሞት ተረፉ!" ቢላቸው፣ "ቀጠሮው ነው የተራዘመው" አሉት። ሚኒባሱ ሙሉ ሳቀ። እሳቸው ግን ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መልሰው ነበር።

ቤቱ ከጋሪ ተራ ወዲያ፣ ከገበያው ጀርባ ነው፤ የዚያ ሰፈር ሰው የሚታከመው ሌላ ክሊኒክ ነበር። ደጁ ላይ ትንሽ ድንኳን ተተክሏል። አጠገቡ ጋሪው ቆሟል፤ ፈረስ የለበትም፤ ሁለት እጆቹን መሬት ላይ ዘርግቶ ተንበርክኳል። ጥቁር ነጠላ ያደረገች ሠላሳ ዓመት ያለፋት ሴት ከድንኳኑ ወጥታ ቀረበችን። ከመድረኩ ፎቶዬ አውቃኛለች። "ስመኝ እባላለሁ" አለችን፤ ዳንግላ ገበያ ውስጥ ልብስ ሰፊ ናት። ጋሽ አዳሙን እጅ ነስታ ወደ ድንኳኑ አስገባቻቸው፤ እኔን ግን ወደ ጋሪው ሳበችኝ።

በመንገድ ላይ ሳጠናው የመጣሁትን ይቅርታ ጀመርኩ። ብዙ ሳልሄድ አቋረጠችኝ።

"ትናንት ጠዋት አባዬ እንዳረፈ ለዘመድ ልደውል ስልኬን ሳወጣ፣ የእርስዎን መልእክት አየሁ። 'የሰፈራችን ባለውለታ አቶ አዳሙ' ይላል። አባዬን በስሙ የጠራ ሰው በዕድሜዬ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ሰው ሁሉ እየጻፈ ነበር። ሲያመን የምንጠራው፣ ለምጥ የደረሰልን… አባዬ መሰለኝ። ማን ይመስለኛል? በሽተኛ ሲያደርስ የኖረው እሱ ነው።"

የጋሪውን ጠርዝ ያዝኩ።

"ለእናቴ ቁጭ ብዬ አነበብኩላት። ፊቷን ስትነጭ የነበረችው ሴት እጇን አውርዳ ሰማችኝ። 'ለካ ሰው ያውቀው ኖሯል፤ ለካ ስሙንም ያውቁታል' አለች። ሁለት ሰዓት ሙሉ አነበብኩላት። ከዚያ የእርስዎ የምሥራች መጣ።"

መሬት ብትከፈት ገብቼ ከውስጥ እዘጋት ነበር።

"አልነገርኳትም" አለች ስመኝ። "እርስዎም አይነግሯትም። ይቅርታዎን እዚህ እኔ ሰምቼዋለሁ፤ ይዘውት ወደዚያ አይግቡ።"

ገባሁ። የአባ ዳማ ባለቤት፣ እትዬ አበዙ፣ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። ፊታቸው ደቃቃ፣ ዓይናቸው በልቅሶ የቀላ ነው። በዙሪያቸው ዐሥር የሚሆኑ የእድር ሰዎች አሉ። ስመኝ "እኚህ የመድረኩ ሰው ናቸው እማዬ" ስትላቸው እጄን በሁለት እጃቸው ያዙት።

"አንተ ነህ የጻፍክለት? እግዜር ይስጥህ ልጄ። ትናንት ቀብሩ ላይ ሰው አንሶብኝ ነበር። እኔ ግን 'ሰዉማ ስልክ ውስጥ ሞልቷል' እያልኩ ተጽናናሁ።" ወዲያው ወደ ጋሽ አዳሙ ዞረው አዩአቸው። "እርስዎን ማን ልበል?"

ጋሽ አዳሙ ጋቢያቸውን ከራሳቸው አወረዱ።

"ሞክሼው ነኝ።"

"አዳሙ?"

"አዳሙ።"

"ሞክሼማ ወንድም ነው" አሉ እትዬ አበዙ፤ ከምንጣፉ ላይ ጠጋ ብለው ከጎናቸው ቦታ ለቀቁላቸው። ጋሽ አዳሙም እንደ ሟች ወንድም እዚያ ተቀመጡ። እንባቸው ያን ጊዜ ነው የወረደው።

"በል ልጄ" አሉኝ እትዬ አበዙ፣ "ያ ሰው ሁሉ ያለውን አንብብልኝ። እነዚህ የእድሩ ሰዎች አልሰሙትም። የማንን ባል እንደቀበሩ ይስሙት።"

ጋሽ አዳሙን አየኋቸው። ለእሳቸው የተጻፈ ነው፤ እንዴት እፊታቸው ለሌላ ሰው ላንብበው? "አንብብ" አሉኝ።

ስልኬን ከፈትኩ። ከዚያ ሁሉ ልቅሶ ሳይሰረዝ የቀረው ሰባት ነው። አነበብኩ። "ሲያመን መጀመሪያ የምንጠራው እሳቸውን ነበር።" የእድሩ ሰዎች ራሳቸውን ነቀነቁ። "በእጃቸው ያላለፈ የጋሪ ተራ ልጅ ማን አለ?" አንድ ሽማግሌ ጋሪ ነጂ "እውነት ነው፣ እውነት ነው!" አሉ። ሦስተኛው ላይ "መርፌያቸው ብታመንም" የሚል ነበር። "መር…" ብዬ ስጀምር ጋሽ አዳሙ ሳሉ። "መር… መርቀው የሚሸኙን አባት ነበሩ" ብዬ ጨረስኩት። ሰባተኛው አለቀ።

"ስመኝ ስታነብልኝ ይበዛ ነበር እኮ" አሉ እትዬ አበዙ። "አለቀ እንዴ?"

ስመኝን አየኋት። ከድንኳኑ ደጃፍ ቆማ ከንፈሯን ነክሳለች።

"አላለቀም እትዬ" አልኩ።

ስልኬ ላይ ሌላ ምንም አልነበረም። ጣቴን ወደ ላይ እየገፋሁ፣ ያልተጻፈውን ማንበብ ጀመርኩ።

"'ዘጠኝ ዓመቴ ነበር' ይላል። 'ከዛፍ ወድቄ እግሬ ተሰበረ። አባቴ ገጠር ሄዶ ነበር። አቶ አዳሙ የነጋዴ እህል ጭነው ሲያልፉ የእናቴን ጩኸት ሰሙ። ጆንያውን መንገድ ዳር አራገፉና እኔን ጫኑኝ። ዝናብ መጣ። ገሳቸውን አውልቀው ለእኔ አለበሱኝ። ጋሪው እንዳይንጠኝ ብለው ከላይ አልወጡም፤ ከፈረሱ ጎን በእግራቸው እየሄዱ፣ በአንድ እጃቸው ልጓሙን፣ በአንድ እጃቸው እግሬን ደግፈው ክሊኒክ አደረሱኝ። ታክሜ ስወጣ እዚያው በር ላይ በዝናብ ቆመው ይጠብቁኝ ነበር። እግሬ ድኖ መሮጥ የጀመርኩ ቀን፣ ከልጆቹ ጋር ሆኜ ከጋሪያቸው ኋላ እየሮጥኩ አባ ዳማ፣ አባ ዳማ እያልኩ ጮህኩባቸው። ዞረው ሳቁልኝ። ትልቅ ሰው ከሆንኩም በኋላ ዳንግላ ስሄድ ከሚኒባስ መስኮት አያቸው ነበር። አንድ ቀን ወርጄ አመሰግናለሁ እል ነበር። ሁልጊዜ እቸኩል ነበር።'"

ቀና አልኩ። ጋሽ አዳሙ አፈጠጡብኝ። ያን እግር ያሰሩልኝ እሳቸው ናቸው፤ ማን እንደጻፈው ገብቷቸዋል።

እትዬ አበዙ ወደ ደጁ፣ ወደ ጋሪው አዩ። "ጆንያውን አስታውሳለሁ" አሉ። "በዝናብ በሰበሰ ተብሎ ከነጋዴው ጋር ተጣልተው ነበር። እኔም ተቆጥቼዋለሁ። 'ልጅ ነበር' ነው ያለኝ።" እንባቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። "ይሄን የጻፈው ማነው? ስሙን ንገረኝ፤ ልመርቀው።"

ምን ልበል? ስሜን ነገርኳቸው፤ የሌላ ሰው ስም አስመስዬ፣ ስልኩን እያየሁ።

እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉ። የእድሩም ሰዎች ዘረጉ። "እግሩን አይንሳው" አሉ። "በሄደበት ሰው አያሳጣው። በታመመ ቀን የሚያደርሰው አይጣ። በሞተ ቀን ስሙን የሚያውቅ ሰው ይቅበረው።"

ድንኳኑ ሙሉ አሜን አለ። እኔ መሬቱን እያየሁ ነበር፤ አፌ አልከፈት አለኝ።

ስመኝ ስሜን ታውቀዋለች፤ መድረኩ ላይ በየቀኑ ስታየው የነበረ ስም ነው። ከደጃፉ ቀና ብላ አየችኝ። ሁሉም ጸጥ ካለ በኋላ፣ ብቻዋን፣ ቀስ ብላ፣ "አሜን" አለችልኝ።